ቀዩ ሽቦ ፔድዚሳይ ነው

«ይኼስ ምንድን ነው?» አለ ፔድዚሳይ። የጫማ ካርቶኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤ ውስጡ የሆነ ነገር ተንኳኳ።

«አይነቅንቁት!» ሹቫይ የሻይ ትሪውን ከነኩባያው መሬት ላይ ትታው ብድግ አለች። «ባባሙኒኒ፣ እባክዎ፣ ይሰበራል።»

«ይሰበራል? እኔ የሰማሁት አስቀድሞ የተሰበረ ነገር ድምፅ ነው።»

ፔድዚሳይ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባባሙኒኒ የምትለውም ለዚያ ነው። አባቷ ቻሙኖርዋ የተቀበረው ትናንት ረቡዕ ነበር። ማስቪንጎ ከተማ፣ ሙቼኬ ሰፈር ያለችው ቤታቸው አሁንም በለቅሶ ደራሽ እንደተጨናነቀች ናት። ሴቶቹ ሳሎኑ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ከእናቷ ጋር ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ደጅ ማንጎው ሥር ስለ ዝናቡ መዘግየትና ስለ መብራቱ መጥፋት ያወራሉ። ፔድዚሳይ ብቻ ነው ወደ ጓሮ በረንዳ ዞሮ የሟቹን የሥራ ጠረጴዛ ሲበረብር የተገኘው።

«ቅዳሜ ዕቃው ይታደላል» አለ፣ የሚያፍርበት ነገር እንደሌለው ሰው ቀና ብሎ። «የጎክዌና የቡላዋዮ ዘመዶች ከዚያ በላይ አይቆዩም። ልብሱ ለእህት ለወንድም ይሄዳል፤ የሥራ መሣሪያው ለእኛ ለወንድ ወገን። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ የማጀቱ ዕቃ የእናትሽ ነው፣ እሱን ማንም አይነካም። ይኼ ግን ሽቦና ባትሪ ነው። ልጄ ግዌሩ ላይ ስልክ ጥገና ጀምሯል፤ ይፈታታውና አንድ ነገር ያወጣበታል።»

«መሣሪያ አይደለም። መጽሐፍ ነው። ለአማይ፣ ለእናቴ ነው የሠራላት።»

ፔድዚሳይ ክዳኑን ከፍቶ አየ። መዳፍ ከነጣቱ የሚያክል ግራጫ ስክሪን፣ ትንሽ አረንጓዴ ቦርድ፣ ከአሮጌ ስልክ የወጣ ባትሪ፣ ሦስት ቁልፎች፣ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሽቦዎቹ በአንድ ጫፋቸው ተነቅለው ተንጠልጥለዋል። ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከወንድሙ ሞት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ይነበባል። እስቲ አንብቢልኝ።»

«ቅዳሜ አነብልዎታለሁ።»

«ቅዳሜ ከተነበበ መጽሐፍ ነው፤ የእናትሽ ነው፣ እጄን አላሳርፍበትም። ካልተነበበ ግን ከመዶሻውና ከጉጠቱ ጋር ምንጣፍ ላይ ይወጣል። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለችና ካርቶኑን ከእጁ ወሰደች።

እንዲህ አፏን ሞልታ ስትናገር ስለ ሽቦ የምታውቀው ልጅ ሳለች አባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ያየችውን ብቻ ነበር። ሹቫይ ሹሩባ ሠሪ ናት። ገበያው ጥግ ላይ አንድ ጃንጥላና አንድ በርጩማ አላት፤ ሥራዋ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ጸጉር እየለዩ ከማለዳ እስከ ማምሻ መቀመጥ ነው። አንድ ራስ ከያዘች ሳትጨርስ አትነሣም፤ ደንበኛዋ ደክሟት «ግማሹን ነገ» ብትላት እንኳ አትሰማም። ግትር ናት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል።

ስክሪኑን ቻሙኖርዋ ያገኘው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ ስልክ ከሚሸጥ ሰው ነው። ሻጩ ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «ፊቱ የደረቀ ስልክ» ብሎ ነው የሸጠለት። ፊቱ ላይ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ነበረበት። ቻሙኖርዋ ቤት ገብቶ ጀርባውን ቢከፍተው ባትሪ የለውም። ባትሪ የለውም፣ ጽሑፉ ግን አለ። ሥዕል መስሎት በእርጥብ ጨርቅ ፈተገው፤ አልለቀቀም። ፀሐይ ላይ አወጣው። የስልክ ፊት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይጠፋል፤ ይኼ ግን ጭራሽ ፈክቶ እንደ ጋዜጣ ተነበበ።

«ጥቁሬ!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። «ነይ ውጪ! ኤሌክትሪክ የማይበላ ጽሑፍ አገኘሁ!»

«ወረቀት ይባላል» አለችው ከማጀት።

ማይ ሹቫይ፣ ማለትም የሹቫይ እናት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ነበረች። ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ግን የመጽሐፍ ፊደል ጉንዳን ጉንዳን ይመስላት ጀመር፤ የስልክ ብርሃን ደግሞ ዓይኗን እየወጋ ያስለቅሳታል። መጻሕፍቱን በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባቻቸው፣ ስማቸውንም አላነሣችም። ቻሙኖርዋ ይህን አይቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ጥገና ሠራተኛ ሳይሆን አንድ ትልቅ ጉዳይ ያለበት ሰው ሆነ።

«ፊደሉን ባቄላ ባቄላ የሚያክል አደርግልሻለሁ» ይላታል። «መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባሽም። ማንጎው ሥር ቁጭ ብለሽ በፀሐይ ታነቢያለሽ።»

ችግሩ ቻሙኖርዋ ሥራ መጀመር እንጂ መጨረስ የማይሆንለት ሰው መሆኑ ነው። የዶሮ መፈልፈያ ሠርቶ አራት ጫጩት አስፈለፈለና «ሙቀቱን ላስተካክል» ብሎ ፈታታው፤ እስከ ዛሬ ፍርስራሹ ጓሮ አለ። ማንበቢያውንም እንዲሁ። ስክሪኑ ሲሠራለት «ቁልፎቹ በእጅ የማይለዩ ናቸው» አለ፤ ቁልፎቹን ሲቀይር «ፊደሉ ገና ትንሽ ነው» አለ። አለቀ ወይ ብለው ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነበር፤ «ገና ነው።» በቀብሩ ዕለት ሬሳ ሣጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ቶጋሬፒ የሟቹን ድምፅ አስመስሎ «ገና ነው! ኧረ ገና ነው! ምን ያስቸኩላችኋል!» ብሎ ጮኸ። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ቶጋሬፒ የቤተሰቡ ሳህዊራ ነው፤ አያቶቻቸው ተማምለው የተወዳጁ፣ እነሱም ያንኑ የወረሱ። ሳህዊራ በለቅሶ ቤት ያሻውን ይላል፣ ሟቹን ያስመስላል፣ ያልቃሽን ሰልፍ ያበላሻል፤ የሚቆጣው የለም። ያለ እሱ ለቅሶ ለቅሶ አይሆንም።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት አልነበረም። ሹቫይ የመበየጃውን ብረት ሳድዛ፣ የበቆሎ ገንፎው፣ የተጣደበት ፍም ውስጥ ሰክታ እስኪግል ትጠብቃለች። ቴቴ ኤሪና፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ሰብስባ ከማጀቱ በር ላይ ቆመች።

«አንቺ ሹቫይ! የወንድሜ አፈር እንኳ ሳይደርቅ ሽቦ ትነካኪያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሻይ ጠጥቷል ቴቴ። ዳቦው ተቆርሷል፣ ሳድዛውም ይኸው ተጥዷል።»

«ስለ ሻይ አላወራሁሽም።»

«ገብቶኛል። ቅዳሜ ከታደለ በኋላ የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። እስከዚያ ግን ይተዉኝ።»

ቴቴ ኤሪና ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰችላትና እያጉረመረመች ገባች።

ሽቦዎቹን የነቀላቸው ለቅሶው ራሱ ነው። ሞት ሲሰማ የሳሎን ዕቃ ሁሉ ይወጣል፣ ሰው ወለል ላይ መቀመጥ አለበት። አባቷ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ በወጣበት ሱቅ በር ላይ መውደቁን የነገሯት ጊዜ፣ ሹቫይ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ሶፋውንና የሥራ ጠረጴዛውን ወደ በረንዳ መጎተት ነበር። ማልቀስ አልቻለችም፤ ጎተተች፣ ጠረገች፣ ወለሉን ወለወለች። ያን ጊዜ ካርቶኑ ተገልብጧል። አሁን የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ አታውቅም። እንደመሰላት አንዱን በየደችና ባትሪውን አገናኘችው። አንዳች ነገር ሸተተ፤ በፍጥነት ነቀለችው። ከዚያ በኋላ በግምት ምንም ላለመንካት ወሰነች።

አርብ ማለዳ ለእናቷ ገንፎ ይዛላት ገባች። ማይ ሹቫይ ከግድግዳው ጥግ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ለቅሶ ደራሾች እየገቡ እጇን ይጨብጣሉ፣ «ያጽናሽ» ይላሉ፣ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ከቀብሩ ወዲህ አሥር ቃል አልተናገረችም።

«ፔድዚሳይ ነገረኝ» አለች ድንገት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተይው፣ ይውሰዱት።»

«አልተውም።»

«ሹቫይ፣ እኔ አልፈልገውም።»

«ለምን?»

እናቷ ገንፎውን በማንኪያ አማሰለችው እንጂ አልቀመሰችውም። «ባለፈው አርብ፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ‹እሑድ ታነቢያለሽ› አለኝ። ስንት እሑድ ሰምቻለሁ! ሳቅሁበት። ‹ያንተ ሥራ የሚያልቀው እኔ ከተቀበርኩ በኋላ ነው› አልኩት። ይኼ ነው የመጨረሻ ቀልዴ። እሱ ተቀበረ፣ እኔ ይኸው ገንፎ እበላለሁ።»

አባቷ ሞቶ፣ እናቷ ደግሞ በአንድ ቀልድ ምክንያት ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትበላ ልታይ ነው? ሹቫይ እንዲህ ያለ ነገር አትቀበልም።

«እንግዲያው ቃልሽን አፈርሰዋለሁ» አለቻት። «አንቺ በሕይወት ቁጭ ብለሽ እያየሽ ያልቃል። ገንፎሽን ብዪ።»

የማስታወሻ ደብተሩን ያገኘችው ያን ዕለት ረፋድ ላይ፣ ለእደላው ልብስ ስታጣጥፍ፣ የአባቷ ሰማያዊ ቱታ ኪስ ውስጥ ነው። ኪስ የምታክል፣ ጠርዟ በላብ የወየበ ደብተር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቦርዱ በእርሳስ ተሥሏል፤ አምስቱ ቀዳዳዎች ቁጥር አላቸው። ሽቦዎቹ ግን የቀለም ስም የላቸውም። የሰው ስም ነው ያላቸው።

«አንድ፦ ፔድዚሳይ። ከባትሪው ይነሣል። ቶሎ ይሞቃል። ከኤሪና ጋር እንዳይነካካ፣ ይጨሳሉ።

ሁለት፦ ጥቁሬ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደ እሷ ይመለሳል።

ሦስት፦ ኤሪና። ወሬውን ወደ ስክሪኑ የምታደርሰው እሷ ናት።

አራት፦ ቶጋሬፒ። ልክ እንደ ሰዓት ይመታል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

አምስት፦ ሹቫይ። ‹ቆይ› ካለች ቆይ። የያዘችውን ሳትጨርስ ሌላ ነገር አትሰማህም።»

ሹቫይ አፏን በቱታው ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ በመካከል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፣ ከቅዳሜ ጀምሮ እምቢ ያላት ለቅሶ። አለቀሰች፣ ፊቷን በዚያው በቱታው ጠረገች፣ ከዚያም ሥራዋን ጀመረች። ይህን ደብተር ግዌሩ ያለው የአጎቷ ልጅ ቢያገኘው ምን ይረዳዋል? እሷ ግን እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለች። ቶሎ የሚሞቀው ቀዩ ነው። ጥቁሬ አባቷ እናቷን የሚጠራበት ስም ስለሆነ ጥያቄ የለውም። ቴቴ ኤሪና ከነጭ ሌላ ለብሳ አታውቅም። የቀሩት ቢጫውና አረንጓዴው ናቸው። ቶጋሬፒ የማዘጋጃ ቤት መንገድ ሠራተኛ ነው፣ ያንን ቢጫ ሰደርያ ሠርግም ቢሆን አያወልቀውም። አረንጓዴው እንግዲህ እሷ ራሷ ነች።

ብረቱን ከፍሙ እያወጣች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንድ በአንድ በየደቻቸው። በቀጭን ነገር ላይ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ እንጀራዋ ነው። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ተነሥታ ሻይ ትቀዳለች፣ እጅ ትጨብጣለች፣ ትመለሳለች። ስትጨርስ ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ ገመድ ቦታው ከተተችና ባትሪውን ሰካች። ቦርዱ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ነቅላ ሰካችው። ቢጫውንና አረንጓዴውን አቀያይራ ሞከረች፣ መለሰቻቸው። ምንም የለም።

ደብተሩን እንደገና አነበበች። ከስሞቹ ሥር፣ ከገጹ ግርጌ፣ አንድ መስመር ቀርቷል፦ «ከዚያ የተለመደውን አድርግ።»

«ባባ፣ ምኑን?» አለችው አባቷን፣ ጮክ ብላ። ተናደደችበት። ሰው እንዴት ለራሱ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል? ፀሐይዋ ከማንጎው ጀርባ እስክትገባ ድረስ የተለመደው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል እየገመተች ሃያ ጊዜ ሞከረች፤ ሃያ ጊዜም ግራጫው ስክሪን አፈጠጠባት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰፊ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሱሪዎቹ፣ ሸሚዞቹ፣ ኮፍያው፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማው፣ መዶሻው፣ ጉጠቱ ተደረደሩ። ዘመድ በሙሉ ዙሪያውን ተቀመጠ። ሹቫይ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ፔድዚሳይ አያት፤ እሷም አየችው።

«ተነበበ?»

«እደላው አላለቀም እኮ።»

«ሹቫይ፣ ተስማምተናል።»

«እርስዎ ከልብሱ ይጀምሩ። እኔ ቃሌን አልረሳሁም።»

በዚህ መሐል ቶጋሬፒ ከቤት ወጣ። የሟቹን ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቷል። እንደ ቻሙኖርዋ ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ እየተንቀራፈፈ መጣና ባዶ የቢራ ሣጥን ፊት ተቀመጠ። ሰው ገና ሳይናገር ሳቀ።

«ማነው ዕቃዬን ያሰጣው?» አለ በሟቹ ድምፅ። «ፔድዚሳይ፣ ሱሪዬን አስቀምጥ፣ ለአንተ ወገብ አይበቃም። ዞር በሉልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አልቋል ወይ? ገና ነው!» በሣጥኑ ላይ አጎነበሰ፤ ምላሱን በጉንጩ በኩል አወጣ፤ በሌለ ብረት የሌለ ሽቦ በየደ፤ ጣቱን ያቃጠለ መስሎ ነፋበት። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ይስቃሉ፤ ቴቴ ኤሪና እንባዋን በነጭ እጅጌዋ ትጠርጋለች። ከዚያ ቶጋሬፒ ከኪሱ የክብሪት ካርቶን አወጣ። ከክዳኑ ጥፍር የምታክል ቀደደ፤ ለሁለት አጠፈ፤ ጥርሱ መካከል አድርጎ ተጫነው፤ አውጥቶ አየው፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሣጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ሰገሰገው። «የተለመደው» አለና ወደኋላ ተለጠጠ።

ሹቫይ ተነሥታ ቆመች። «ሳህዊራ! ይድገሙት!»

ሳቁ ቆመ። ቶጋሬፒ በመነጽሩ በላይ አያት። «አባትሽን አንድ ጊዜ ከሞት ማስነሣቴ አልበቃሽም?»

«ካርቶኗን። የቀደዷትን። ባባ ምን ያደርግባት ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ በገዛ ድምፁ። «ሁልጊዜ ከእኔ ክብሪት ላይ ይቀድዳል፣ ያጥፋል፣ ይነክሳል፣ ከዚያ እዚያ ጥብጣቡ የሚገባበት ሥር ይሸጉጣል። ‹ይኼ ነገር ጥርሱ ወልቋል፣ የእኔን ጥርስ አበድረዋለሁ› ይላል። ዓመት ሙሉ ክብሪቴን ያለ ካርቶን ኪሴ ውስጥ በትኜ የኖርኩት በማን ይመስልሻል?»

ሹቫይ የጫማ ካርቶኑን ከፈተች። ጥብጣቡ የሚገባበትን ቦታ አተኩራ አየችው። መያዣው የለም፤ ተሰብሯል። ጥብጣቡ ገብቷል እንጂ የሚጫነው ነገር የለም፣ ስለዚህ ቦርዱን አይነካውም። ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ የሞቱን ዜና የሰማች ጠዋት ወለሉን ስትጠርግ፣ ከአቧራው ጋር አንዲት የታጠፈች የካርቶን ቁራጭ ነበረች፣ የጥርስ ምልክት ያለባት። ያለቀ ክብሪት መስሏት ከቆሻሻው ጋር ደፋቻት። አባቷ የነከሳትን ነገር በገዛ እጇ ነው የጣለችው። ለማዘን ግን ጊዜ አልነበራትም።

«ክብሪትዎን ይስጡኝ።»

ቀደደች። አጠፈች። ነከሰች። ትንሽ ወፈረባት፤ ሌላ ቀደደች። ሹሩባ ውስጥ የተሰወረ ክር እንደምታስገባ በጥፍሯ ጫፍ እያባበለች ከጥብጣቡ ጀርባ ሸጎጠቻት። ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ከቦ ቆሟል። ባትሪውን ሰካች፣ ቁልፉን ተጫነች።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከዚያ ነጭ። ከዚያ እንደገና ጥቁር።

«ተቃጠለ!» ፔድዚሳይ እጁን ሰደደ። «ሽቦውን ንቀዪው!»

«አይንኩት!» እጁን በእጇ መታችው፣ የአባቷን ወንድም፣ በዘመድ ፊት።

«አትንኩት» አለ ቶጋሬፒም፣ ደግሞ በቻሙኖርዋ ድምፅ፣ ግን አሁን ማንንም ለማሳቅ አልነበረም። «ይሽኮረመማል። እስኪለብስ ድረስ ዓይናችሁን መልሱለት። አንድ። ሁለት። ሦስት…»

ከጎክዌ የመጣች አንዲት አሮጊት የምር ዓይኗን ጨፈነች። ሌሎቹ አብረውት ቆጠሩ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። ስምንት ሲሉ ስክሪኑ ነጣ፣ ዘጠኝ ሲሉ ፊደል ወጣበት፤ ባቄላ ባቄላ የሚያክል፣ ከፀሐዩ በታች ጥርት ያለ ፊደል።

ፔድዚሳይ ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ቀስ እያለ፣ ለሁሉም እስኪሰማ። «ሴካይ ወደ ወንዙ የወረደችው ውኃ ልትቀዳ አልነበረም።» ቀና አለ። ከዚያ እንደገና አየው፣ ሊያምን እንዳልቻለ ሰው። «መጽሐፍ ነው» አለ። «የማይ ሹቫይ ነው። ሌላውን እናድል።»

መዶሻውንና ጉጠቱን እሱ ወሰደ፣ መበየጃው ግዌሩ ላለው ልጁ ሄደ፤ ሹቫይ ራሷ ናት በጨርቅ ጠቅልላ የሰጠችው። ደብተሩን ግን አስቀረች። ፔድዚሳይ ከላይዋ ሆኖ ስሙን አየ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ‹ቶሎ ይሞቃል›?»

«ቀዩ ሽቦ እርስዎ ነዎት ባባሙኒኒ።»

«እኔን ሽቦ አደረገኝ?» ትንሽ አሰበ። «ያለ እኔ ይሠራል?»

«ያለ እርስዎ እንኳን ፊደሉ፣ መብራቷም አትበራም።»

ፔድዚሳይ መዶሻውን ይዞ ወደ ማንጎው ዞረ፤ ግንዱን በአንድ እጁ ተደገፈና፣ ሬሳ ሲያጥብ፣ አፈር ሲያለብስ፣ እንግዳ ሲቀበል ያላለቀሰው ሰው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ቶጋሬፒ እንኳ አልቀለደበትም።

እኩለ ቀን ላይ ሰው ሳድዛ ለመብላት ወደ ጓሮ ሲሄድ ሹቫይ እናቷን እጇን ይዛ አወጣቻት። በረንዳው ደረጃ ላይ፣ ፀሐይ ካለበት፣ አስቀመጠቻትና ማንበቢያውን ጭኗ ላይ አኖረችላት። ማይ ሹቫይ ለረጅም ጊዜ ዕቃውን እንጂ ፊደሉን አላየችም። በሽቦ ላይ የተጣበቀውን ፕላስተር፣ በቢላዋ የተቆረጠውን የእንጨት ጠርዝ፣ ጎርባጣ እንዲሆኑ የተፋቁትን ቁልፎች በጣቷ ዳሰሰች።

ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር አየች፣ አፍንጫዋንም ነፋች። «ይኼን የምወደውን ነው የከተተበት? በየገጹ ‹ረጅም ነው› እያለ ሲያማርር የኖረበትን?»

«ምናልባት ለአንቺ ብሎ ይሆናል።»

«ለእኔ ነው እንጂ፣ ለሌላ ለማን ይሆናል!» አለች፤ ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፣ ፊቷ ግን አልተቆጣም።

አነበበች። ዓይኗ ከመስመር መስመር ሲሄድ ሹቫይ አጠገቧ ሆና ታያለች፤ ሁለት ዓመት ያላየችው እንቅስቃሴ ነው። ማይ ሹቫይ ገጹ ግርጌ ደረሰች። ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ፣ እዚያው ቆየ።

«አማይ፣ ተጫኚው። እሱ ነው ገጽ የሚገልጠው።»

«አውቃለሁ።»

«አልጨረስሽም?»

«እኔማ ጨርሻለሁ።» ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። «ከአባትሽ ጋር አንድ መጽሐፍ ለሁለት ነበር የምናነበው፣ አንቺ ሳትወለጂ። ሁልጊዜ ሦስት አራት መስመር ከእኔ ወደኋላ ይቀራል። ልገልጥ ስል እጄን ይይዘኛል።»

ከጓሮ የሳህን ድምፅ ይሰማል፣ ቶጋሬፒ ሥጋው አነሰብኝ ብሎ ይጮሃል። ማይ ሹቫይ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች፣ ሦስት አራት መስመር ቀስ ተብሎ የሚነበብበትን ያህል ጠበቀች። ከዚያ ተጫነችው።